በለቅሶ የምትሄድ በቅሎ

ወይዘሮ ድንገት ቀጥ ብላ ስትቆም መድፉ ተንደርድሮ ከኋላዋ ደረሰባት። ከመድፉ ኋላ ጥይት የተጫነበትን የዳቦ ጋሪ ይገፋ የነበረው ሥጋ ሻጭ ደግሞ ሳያስበው አገጩን ከመድፉ ጎማ ጋር አጋጨ።

"ምን ሆነች?" ሲል ጮኸ ከፊት የሚሄደው ዳቦ ጋጋሪ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈው የከተማው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል፤ ለሚዘምቱት ሰዎች ክብር አንገቱን ደፍቷል። ወይዘሮም አንገቷን ደፍታለች። አናቷ ላይ የተሰካው ጥቁር ላባ ወደ መሬት ዘንበል ብሎ ይርገበገባል።

ወይዘሮ በቅሎ ናት። የምትጎትተው ደግሞ የበጎ ፈቃድ ቀላል መድፈኛ ጓድ ብቸኛ መድፍ ነው፤ ሁለት ጎማ፣ አጭር አፈሙዝ፣ ስሟም "አክስት"። ይህን ስም ያወጡላት አልፎ አልፎ ብቻ ስለምትናገርና በተናገረች ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚደነግጥ ነው። ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ አክስት በማዘጋጃ ቤቱ አትክልት ቦታ ለጌጥ ቆማ፣ አፏ ውስጥ አበባ ሲተከልባት ኖራለች። አበባውን ነቅለው፣ ዝገቱን ፍቀው ለጦርነት ያበቋት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። መንግሥት ስለ መኖራቸው የሰማው ለምርቃቷ ተኩሰው የማዘጋጃ ቤቱን መስታወት በሙሉ ካረገፉ በኋላ ነው። እስከዚህ ማለዳ ድረስም የጓዱ የጦርነት አገልግሎት ያ ተኩስና የጭድ መጋዘን ጥበቃ ብቻ ነበር።

አለቃቸውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው መቶ አለቃ የሆነው በማለዳ የሚነሣ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ጦርነት ደግሞ በማለዳ ይጀምራል ይባላል። ልብስ ሰፊው አነጣጣሪ የሆነው በዚያ ዕድሜው ያለ መነጽር ክር በመርፌ ስለሚያስገባ ነው። ሥጋ ሻጩ ጥይት ይሸከማል፤ ፀጉር አስተካካዩ ያጎርሳል። በዚህ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ። በዚያ ዘመን የመደበኛው ጦር አለቆች እንዴት ይሾሙ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ግን አይስቅም፤ በዳቦ ጋጋሪው መመዘኛ ቢለኩ ገሚሶቹ አሥር አለቃ እንኳ ባልሆኑ።

ጓዱ ሦስት ጠንካራ በቅሎዎች ነበሩት። ዋናው መምሪያ "ለአስቸኳይ ወታደራዊ ጭነት" ብሎ ወሰዳቸው። አስቸኳዩ ወታደራዊ ጭነት የኮሎኔሉ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነበር። መድፉ ያለ ጎታች ሲቀር የሬሳ ሣጥን ሠሪው "የኔ ወይዘሮ አሉ፤ የሠለጠኑ ናቸው" አለ። ጓዱም በደስታ ተቀበለው፤ ከነበቅሎዋ፣ ከነላባዋና መድፉን ከአቧራ ለመከለል ልብስ ሰፊው ከሰፋው ትልቅ ጥቁር ጨርቅ ጋር። ጨርቁም ከሣጥን ሠሪው ሱቅ የወጣ ነበር። በጦርነት ጊዜ እንደ ልብ የሚገኘው የጨርቅ ዓይነት እሱ ብቻ ነው።

"ምን ሆነች ነው የምልህ!" አለ ዳቦ ጋጋሪው ተመልሶ መጥቶ።

ሣጥን ሠሪው ልጓሙን እንደያዘ ጉሮሮውን ጠረገ። "ምንም አልሆኑም፣ አለቃ። ሥራቸውን እየሠሩ ነው።"

"ሥራዋ መሄድ ነው!"

"ባርኔጣ ሲወልቅ መቆም ነው። ጸሎቱ እስኪያበቃ። እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኋቸው።" ሣጥን ሠሪው በቅሎዋን በአንቱታ ነው የሚጠራት፤ ከሥራዋ ክብደት የተነሣ።

ከተማው ውስጥ ወይዘሮን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሬሳ ጋሪ ስትጎትት የሁሉንም ዘመድ ሸኝታለች። ነገር ግን ሁሉም የሚያውቃት ከኋላዋ ሆኖ፣ በመሐረብ ውስጥ ነው። መቼ እንደምትቆምና ለምን እንደምትቆም ልብ ያለ የለም፤ ሐዘንተኛ የበቅሎ ጠባይ አያጠናም።

"እና ጸሎቱ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ሰዎቹ ባርኔጣቸውን ሲያደርጉ።"

ሰዎቹ ግን ጨዋዎች ናቸው። መድፉ ሳያልፍ ባርኔጣ አያደርጉም፤ ባርኔጣ ሳያደርጉ ደግሞ መድፉ አያልፍም። ነገሩ እዚያው ቆመ።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ከሁሉም ይበልጥ የጨነቀው እሱን ነበር። ጎህ ሲቀድ በስልክ የመጣው የኮሎኔሉ ትእዛዝ አጭር ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው እግረኛ ጦር በድልድዩ በኩል ያፈገፍጋል፤ መድፉ ከድልድዩ በላይ ካለው ኮረብታ ሆኖ ጠላትን ያግድለታል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የመድፉ ድምፅ ካልተሰማ መሐንዲሶቹ ድልድዩን በፈንጂ ያፈርሱታል። ማዶ የቀረ፣ ቀረ። ኮሎኔሉ ይህን ያለው ገንዳው ውስጥ ሆኖ እንደሆነ ማስረጃ የለም፤ ደረቅ ሆኖ ስለመናገሩም የለም።

ማዶ ካሉት መካከል የልብስ ሰፊው አማች አለ። የጦሩ መለከት ነፊ ነው። ልብስ ሰፊው ይህን ሰው ካናገረው ቆይቷል፤ በደሉ ከባድ ነበር። ሴት ልጁን ሊያገባ የመጣው ሌላ ሰፊ የሰፋውን ኮት ለብሶ ነው። በልብስ ሰፊ ቤት! ከሠርጉ ጀምሮ አማችየው ከሩቅ "ጌታው፣ እንደምን አደሩ" ይላል፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ በመቀስ የሆነ ነገር ይቆርጣል።

ዛሬ ማለዳ ልጁ ሱቁ በር ላይ ቆማ ጠብቃው ነበር።

"አባዬ፣ ይዘኸው ና።"

"ማንን?"

"አታውቅም? ባሌን።"

"ያንን የሌላ ሰው ኮት ለባሽ?"

"አዎ፣ እሱን። ካላመጣኸው ደጄን እንዳትረግጥ።" አላለቀሰችም። እሷም እንደ አባቷ ናት። ልብስ ሰፊው ሚስቱን ሲቀብር እንኳ እንባ አልወጣውምና ሰፈሩ "ደረቁ" ይለዋል።

"አንተ!" አለ ዳቦ ጋጋሪው ፀጉር አስተካካዩን። "ድምፅህ ትልቅ ነው። ከፊት ከፊት እየሮጥክ ባርኔጣ እንዳያወልቁ ንገራቸው።"

ፀጉር አስተካካዩ ሮጠ። "ወገኖቼ! ባርኔጣችሁን! ባርኔጣችሁን እንዳታወልቁ!" ይላል። ገና ባርኔጣ ያላወለቁት በሩቅ ያሉት ሰዎች አንድ ወታደር እየጮኸ ሲመጣ አይተው፣ ትልቅ ዜና ነው ብለው፣ በደንብ ለመስማት ባርኔጣቸውን አወለቁ። መንገዱ እስከ ጫፉ በራሰ በራና በሽበት ተሞላ።

ሣጥን ሠሪው "ወይዘሮ፣ እባክዎ ይሂዱ" አለ። አልሄደችም። ሥጋ ሻጩ ከኋላ ገፋት። ሥጋ ሻጩን ገፋችው። ዳቦ ጋጋሪው በአደባባይ የማይነገር ስድብ ተሳደበና እናቱ ከሰዎቹ መካከል መኖሯን ሲያይ አፉን ያዘ። አሮጊቷ ግን ስድቡን አልሰማችም። እሷ ሌላ ነገር ነበር ያየችው።

"ልጄን!" ብላ ጮኸች። "ኧረ ልጄን! ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ ቁርስ ሳይበላ ሊሞትብኝ ነው! ኧረ በባዶ ሆዱ! ዋይ!"

ወይዘሮ ጆሮዋን አቆመች። ቀጥሎ ላባዋን ነቀነቀች፤ ከዚያ ቀኝ እግሯን አነሣች። መድፉ ተንቀሳቀሰ።

ሁሉም ሣጥን ሠሪውን ዞረው አዩት።

"ለቅሶ ሲሰሙ መሄድ ነው" አለ ሣጥን ሠሪው ዓይኑን ሰበር አድርጎ። "ሬሳ ሲነሣ ይለቀሳላ።"

"ይህን ለምን አልነገርከንም?"

"መች ጠየቃችሁኝ? በልምምድ ጊዜ እኔ በቀስታ አንጎራጉርላቸው ነበር።"

አሮጊቷ እስከ ከተማው ዳር ልትከተላቸው ትችላለች፤ እስከ ጦር ግንባር ግን አይሆንም። ዳቦ ጋጋሪው ደረቱን ነፋ። ጓዱ በዘመኑ ከሰማቸው ትእዛዞች ሁሉ እንዲህ ያለ ወታደራዊ ድምፅ ያለው አልነበረም።

"ጓድ! ለማልቀስ ተዘጋጅ! አልቅስ!"

ሥጋ ሻጩ አለቀሰ። በሬ ሲጥል የማይደነግጠው ያ ግዙፍ ሰው ጉንጩ እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫው እየቀላ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ማን ትዝ እንዳለው ማንም አልጠየቀውም። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ምላሱ ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ሙሾውን ያወርደው ጀመር፦

"አክስቴ፣ አክስቴ፣ የብረት ጉሮሮ፣
ሳልሽን አሰሚያቸው፣ ይወቁት ዘንድሮ።"

ሥጋ ሻጩ "ወዮ!" ይላል። ወይዘሮ ትሄዳለች። ከከተማው ሲወጡ ፀጉር አስተካካዩ ደፈር አለ፦

"በቅሎዎቹ ሄዱ ገንዳ ተሸክመው፣
ገላ ይታጠባሉ ኮሎኔል ተጋድመው።"

"ወዮ! ወዮ!"

መንገዱ በዚህ ሁኔታ ተጋመሰ። ልብስ ሰፊው ብቻ ዝም ብሎ ከመድፉ ጎን ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር፤ የወጣው ሳል ነው።

ወንዙ ወደሚታጠፍበት ሜዳ ሲደርሱ ከኋላ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ከዋናው መምሪያ የተላከ አንድ ሻምበል ነጭ ፈረሱን እያስጋለበ ደረሰባቸው። ጓንት አድርጓል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። የመጣው የመድፉን ጉዞ እንዲቆጣጠር ታዞ ነው። መድፉ ከደረሰ ሻለቃ እንደሚሆን ኮሎኔሉ ቃል ገብቶለታል፤ ካልደረሰ ምን እንደሚሆን አልተነጋገሩም።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ። "ጦር ነው ወይስ እድር?"

"መድፈኛ ጓድ ነን፣ ጌታዬ" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል? ገና ምኑን አያችሁትና! ዝም በሉ! ወታደር አያለቅስም!"

"ጌታዬ፣ ነገሩ እኮ ከበቅሎዋ ጋር ..."

"ጸጥታ አልኩ!"

ጸጥታ ሆነ። ሥጋ ሻጩ የጀመረውን "ወዮ" እንኳ ዋጠው። ወይዘሮም፣ ዛፍ በሌለበት፣ ቁጥቋጦ በሌለበት፣ ከማዶ ተራራ ሁሉም ነገር እንደ መዳፍ በሚታይበት ሜዳ መካከል ቀጥ ብላ ቆመች።

"ምን ሆነች?" አለ ሻምበሉ።

"ዝም በሉ ሲባል ሰምታ ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ከኛ ይልቅ እሷ ሥርዓት አላት።"

ሻምበሉ "ሂጂ!" አላት። "ወደ ፊት!" አላት። በአለንጋው ጀርባዋን ሸንቆጥ አደረጋት። ወይዘሮ ቀስ ብላ አንገቷን አዞረችና አየችው፤ መቃብር አፋፍ ላይ ቆመው ስለ ውርስ የሚጣሉ ዘመዶችን የምታይበት አስተያየት ነበር። ከዚያ ፊቷን መለሰች።

ልብስ ሰፊው ያለ መነጽር ክር በመርፌ ያስገባል አልን፤ ዓይኑ ሩቅም ያያል። በዚያች ቅጽበት ከማዶው ተራራ ወገብ ላይ ብልጭ ያለ ነገር አየ። ጠፋ። እንደገና ብልጭ አለ።

"ጌታዬ" አለ፣ "ከፈረስዎ ይውረዱ።"

"ምን አልክ?"

"ማዶ መነጽር አለ። እያዩን ነው።"

ማዶ ያለው ጠላት ምን እንደሚያይ ልብስ ሰፊው በልቡ ሥሎ አየው፤ ጥቁር ላባ ያደረገች በቅሎ፣ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ረዘም ያለ ነገር፣ ዓይኑ ያበጠ ወፍራም ሰው። ይህ ቀብር ነው። ከቀብሩ መካከል ግን በነጭ ፈረስ ላይ የተኮፈሰ የጦር መኮንን አለ፤ ያ ቀብር አይደለም።

"ይውረዱ፣ ጌታዬ! ፈረሱንም ከኋላ ይሳቡ!"

"ለምን ብዬ?"

"ቀብር ስለሆንን!"

ሻምበሉ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አንድ ጥይት ከፈረሱ ጆሮ በላይ እያፏጨ አለፈ። ሻምበሉ ወረደ። ወረደ ያልነው ለጨዋነት ነው፤ ከፈረሱ ላይ እንደ ጆንያ ተዘረገፈ። ዳቦ ጋጋሪው "ጓድ! አልቅስ!" አለ፤ የቀድሞው ለቅሶ ሁሉ ከዚህኛው ጋር ሲወዳደር ልምምድ ነበር። ወይዘሮ ተነቃነቀች። ማዶ ያለው መነጽር ትንሽ ብልጭ ብልጭ አለና ሌላ ነገር ፍለጋ ዞረ።

ከጦርነቱ በኋላ ጠላት "በሐሰተኛ ቀብር ተታለልን" ብሎ በየአደባባዩ ጮኸ። ማንም አላታለለውም። እነዚያ ሰዎች በቅሎ ለማስኬድ ነው ያለቀሱት። የሚያየውን ነገር ሳያጣራ ስም የሚሰጥ ሰው የተታለለው በራሱ ዓይን ነው፤ ይህ ደግሞ ከጠላት ይልቅ በወዳጅ መምሪያዎች ውስጥ የበዛ በሽታ ነው።

የኮረብታው ዳገት ሲጀመር ግን ወይዘሮ ቆመች።

"አሁንስ?" አለ ዳቦ ጋጋሪው በሰለለ ድምፅ።

"ዳገት ላይ የሁለት ሰው ለቅሶ አይበቃቸውም" አለ ሣጥን ሠሪው። "ትልቅ ሰው ሲሞት ነው ዳገት የሚወጡት፤ ደህናው የመቃብር ቦታ ከላይ ነው ያለው። ትልቅ ሰው ደግሞ ብዙ አልቃሽ አለው።"

ዳቦ ጋጋሪው አለቀሰ። ሣጥን ሠሪው ራሱ፣ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ሐዘን መካከል ፊቱን አኮሳትሮ የቆመው ሰው፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ሲል የኖረበትን ጉሮሮ ከፍቶ አለቀሰ። ወይዘሮ ጥቂት ወጥታ ቆመች። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም። ከታች፣ ከድልድዩ እግር ሥር፣ መሐንዲሶቹ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመሱ ይታያሉ።

"ጋሼ" አለ ፀጉር አስተካካዩ ልብስ ሰፊውን፣ "እርስዎ ቀሩ።"

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። ሚስቱን አሰበ። ድልድዩን አሰበ። ከልቡ ታገለ። ከአፉ የወጣው ግን ማጠፊያው ዘይት ያልተቀባ በር ድምፅ ነበር። ወይዘሮ ዞር ብላ አየችውና ጆሮዋን ጣለች።

"ከአንገት በላይ ሲሆን ያውቃሉ" አለ ሣጥን ሠሪው በሐዘን። "ከአንጀት ካልሆነ አይቀበሉም።"

"የኔን አንጀት ምን ላድርገው! ደርቋል!" አለ ልብስ ሰፊው፤ ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ ቁጣ ግን ለወይዘሮ ምኗም አይደለም።

ያኔ ሁሉም ወደ ሻምበሉ ዞሩ። ሻምበሉ ፈረሱን ይዞ፣ ጓንቱ በአፈር ተለውሶ፣ ከኋላ ቆሟል።

"ፈጽሞ!" አለ። "እኔ በሰይፍ የማልኩ መኮንን ነኝ!"

"ጌታዬ" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ድልድዩ ፈረሰ ማለት እኮ መድፉ አልደረሰም ማለት ነው። መድፉ አልደረሰም ማለት ደግሞ ..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሻምበሉ በውስጡ ጨረሰለት። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኑ ሞላ።

"ሻለቃነቴን!" አለ። "ወይኔ! ወይኔ ሻለቃነቴን! ስንት ዓመት ጠብቄ! ስንቱን ታግሼ! ኧረ ወይኔ ማዕረጌን!"

ይህ ከአንጀት ነበር። ወይዘሮ ለዚህ ዓይነት ሐዘን የምትሰጠውን ክብር ሰጠችው፤ አንገቷን አቅንታ፣ ላባዋን አቁማ፣ መድፉን እየጎተተች ዳገቱን ወጣችው።

ጥቁሩ ጨርቅ ሲገፈፍ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሥጋ ሻጩ ጥይቱን አቀበለ፤ ፀጉር አስተካካዩ አጎረሰ፤ ልብስ ሰፊው ዓይኑን ማነጣጠሪያው ላይ ጣለ። አክስት ተናገረች። የመጀመሪያው ጥይት ወንዙ ውስጥ ገብቶ መሐንዲሶቹን ከእግር እስከ ራሳቸው አራሰ፤ ፈንጂውንም ጭምር። ይህ በዕቅድ የተደረገ አልነበረም፤ ነገር ግን ድልድዩን ካዳኑት ነገሮች አንዱ እሱ እንደሆነ ክርክር የለውም። ሁለተኛው ከማዶ በሚወርደው የጠላት ሰልፍ ፊት፣ ከመንገዱ እምብርት ላይ አረፈ። ሰልፉ ቆመ። ሦስተኛው ሲደርስ ሰልፉ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ኮረብታው ላይ ሙሉ የመድፍ ጦር ያለ መስሎት።

እግረኛው ጦር ድልድዩን መሻገር ጀመረ። ልብስ ሰፊው በየጥይቱ መካከል ድልድዩን ያያል። ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም። እሱ ግን የሚፈልገው ፊት አልነበረም። አማቹ በዘመተ ዕለት፣ ልብስ ሰፊው ከሱቁ መስኮት ጀርባ ተደብቆ አይቶታል፤ የወታደር ኮቱ ግራ ትከሻ ተጣሞ ተሰፍቶ፣ እጅጌው ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ሮጦ ወጥቶ "ና፣ ላስተካክልልህ" ለማለት እጁን በልቶት ነበር። ኩራቱ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የሚያባንነው ያ ትከሻ ነው።

አንድ ሰልፍ አለፈ። ሌላ አለፈ። ቁስለኞች አለፉ። ከቁስለኞቹ ኋላ፣ አንዱን በጀርባው አዝሎ፣ መለከቱ ከወገቡ ላይ እየተወዛወዘ፣ ግራ ትከሻው የተጣመመ አንድ ሰው ድልድዩን ረገጠ።

"ጋሼ፣ ተኩስ እንጂ!" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "ምን ታያለህ?"

"መጥፎ ስፌት" አለ ልብስ ሰፊው፣ ተኮሰም።

የመጨረሻው ሰው ሲሻገር መሐንዲሶቹ የደረቀ ፈንጂ አግኝተው ድልድዩን አፈረሱት። ሻምበሉ ድምፁን ሳይሰማ አልቀረም፤ ነገር ግን ያኔ ወደ ስልኩ እየጋለበ ነበር። "በሻምበሉ ብልሃት የተፈጸመ የማዘናጋት ስልት" የሚለው ቃል በዚያው ቀን ወደ መምሪያው ደረሰ፤ በወፍራም ወረቀት በታተሙት የታሪክ መጻሕፍትም እስከ ዛሬ አለ። ሻምበሉም ሻለቃ ሆነ። መጻሕፍቱ ውስጥ በቅሎ የለችም።

ጓዱ አክስትን ይዞ ከኮረብታው ሲወርድ ከኋላው የጠላት መድፍ ተሰማ። የመጀመሪያው ጥይት አሁን ከለቀቁት ቦታ ላይ ወደቀ። ቁልቁለት ላይ ወይዘሮ በትንሽ ማንጎራጎር ትሄዳለችና ሣጥን ሠሪው ብቻውን በቃት። ከኮረብታው እግር ሥር ግን፣ መንገዱ ዳር፣ የተሻገረው እግረኛ ጦር ጠበቃቸው። አቧራ የለበሱ፣ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ መድፉን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሣና ቆቡን አወለቀ። ከጎኑ ያለው አወለቀ። ከዚያ ሁሉም።

"ተው! ተው! ቆባችሁን!" ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ጮኸ። ማን ይስማው።

ወይዘሮ ቆመች። አንገቷን ደፋች።

ሁለተኛው የጠላት ጥይት ከኮረብታው ወገብ ላይ ወደቀ፤ ቀረብ ብሎ። "ጓድ፣ አልቅስ!" አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሥጋ ሻጩ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልቋል። ፀጉር አስተካካዩ ግጥም አጣ። እግረኞቹ ለምን አልቅሱ እንደሚባሉ ስላልገባቸው እንዲያውም ይበልጥ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ጋሼስ የት አለ?" አለ ሣጥን ሠሪው።

ልብስ ሰፊው አማቹ ፊት ቆሞ ነበር። አማችየው ቁስለኛውን አውርዶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ምን እንደሚል ጨንቆታል። እንደ ልማዱ ከሩቅ "ጌታው" እንዳይል፣ ሩቅ አይደለም።

"ይህን ኮት ማን ነው የሰፋው?" አለ ልብስ ሰፊው።

"መንግሥት ነው፣ አባባ።"

"መንግሥት መስፋት አይችልም።"

እጁን ሰደደና የተጣመመውን ስፌት ሊያቃና ያዘው። ከስፌቱ በታች ያለው ትከሻ ሞቃት ነው። ያለ መነጽር ክር በመርፌ የሚያስገቡት ጣቶች ስፌቱን ፈልገው አጡት። "አባባ" የሚለው ቃል ዘግይቶ ደረሰውና፣ ከደረቁ ሰው ደረት ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ሰውየው በጥይት የተመታ መስሎት ዘወር አለ። አልተመታም። ልብስ ሰፊው እያለቀሰ ነበር፤ ለአማቹ፣ ከዚያም ለሚስቱ፣ ከዚያም ዓመታት ሙሉ በተራ ይጠብቁ ለነበሩት ሁሉ።

ወይዘሮ አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ መለሰች። ሌላውንም መለሰች። አዳመጠች። ከዚያ ማንም ሳይነካት እግሯን አነሣች።

ሦስተኛው የጠላት ጥይት ቆማ ከነበረችበት ቦታ ላይ ወደቀና አፈር ብቻ አገኘ። ከተማው መግቢያ ላይ ሰው ሁሉ፣ ጨዋ ነውና፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልብስ ሰፊው ግን አማቹን በተጣመመው ትከሻ እንደያዘ፣ ከመድፉ ኋላ እስከ ልጁ ደጅ ድረስ አለቀሰ፤ ወይዘሮም በዚያ ሁሉ ባርኔጣ መካከል አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመችም።